አገልግሎት ከመድረክ ሲወርድ፦ የኑሮ ውድነቱና በቤታችን የምትሠራው እህት



ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን ስለ ገንዘብ የማይነጋገር ቤተሰብ የለም ማለት ይቻላል። በዚያ ዕለት የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። እስከ ዋዜማው ድረስ በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባው ዘይት፣ መድኃኒትና ነዳጅ ሲወደድ የትራንስፖርቱ፣ የቤት ኪራዩና የገበያው ዋጋም ተከትሎ ወጣ። በደመወዝ የሚኖር ሰው ወሩን ለመድረስ መቁጠርና መቀነስ የዕለት ተዕለት ሥራው ሆኗል።

ቤተ ክርስቲያንም ይህን ሸክም ከሕዝቡ ጋር እየተሸከመች ትገኛለች። በብዙ አጥቢያዎች ለተቸገሩ ምእመናን ጤፍና ዘይት ይሰበሰባል፤ በበዓላት ሰሞን ማዕድ ማጋራት እየተለመደ መጥቷል፤ የሕክምና ገንዘብ ላጣ ወገን መዋጮ ይደረጋል። ይህ ሁሉ ጌታን የሚያስከብር ሥራ ነውና ይብዛልን። ነገር ግን በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ለማናውቀው ሰው የምንዘረጋው እጅ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ አብራን ለምትኖረው ሰው ምን ያህል ይዘረጋል? በብዙዎቻችን ቤት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ ምድጃ የምትለኩስ፣ ልጆቻችንን አልብሳ ትምህርት ቤት የምታደርስ፣ እኛ ከአምልኮ ስንመለስ እራት የምታቀርብ አንዲት እህት አለች። በዚህ ጽሑፍ «አገልግሎት» የሚለውን ትልቅ ቃል ከመድረክ አውርደን፣ ከዚህች እህት ጎን አቁመን ልንመለከተው እንሞክራለን።

ማስተካከያው ያልደረሳት ሠራተኛ

የኑሮ ውድነቱ ሁሉንም ቢነካም ሁሉም የሚከላከልበት መንገድ እኩል አይደለም። መንግሥት ለሠራተኞቹ በ2017 ዓ.ም. እና እንደገና ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የደመወዝ ማስተካከያ አድርጓል። ነጋዴው የጨመረበትን በዕቃው ላይ ይጨምራል። ባለ ታክሲው በታሪፉ፣ አከራዩም በኪራዩ ላይ ይጨምራል። የቤት ሠራተኛዋ ግን የምትጨምርበት ነገር የላትም። አብዛኛውን ጊዜ ማኅበር የላትም፤ ስለ እርሷ መግለጫ ሲወጣም ብዙ አይሰማም። የእርሷ ደመወዝ የሚወሰነው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እርሱም የእኛ ሳሎን ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሰማ መልስ አለ፦ «ምግቧና መኝታዋ ከእኛ ነው፤ ምን ወጪ አለባት?» የሚል። ይህን የምንለው ወጪዋን ስለማናውቅ ነው። አብዛኞቹ ሠራተኞቻችን ከገጠር የመጡ ናቸው። ደመወዛቸው ለእናት መድኃኒት፣ ለታናሽ ወንድም ደብተር፣ ለአባት ማዳበሪያ ይላካል። ልብስ፣ ሳሙና፣ የንጽሕና መጠበቂያ፣ የማታ ትምህርት ክፍያ፣ ለበዓል ወደ ቤተሰብ መሄጃ ትራንስፖርት አለ። እኛን ያስጨነቀን ዋጋ ወላጆቿንም በዚያው መጠን አስጨንቋቸዋል። የዛሬ ሦስት ዓመት በተስማማንበት ደመወዝ ዛሬም የምትሠራ ከሆነ፣ በወረቀት ላይ ምንም አልቀነስንባትም፤ በገበያ ላይ ግን በየወሩ እየቀነስንባት ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ላልሆነ የግል አገልግሎት የተቀጠረን ሰው ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ ያደርጋል፤ የሥራ ሁኔታውንም ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይተወዋል። ስለዚህ ለፋብሪካና ለድርጅት ሠራተኛ አዋጁ የሚያረጋግጣቸው የሳምንት ዕረፍት፣ የዓመት ፈቃድ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያና የወሊድ ፈቃድ በዚህ አዋጅ ለእርሷ አይደርሷትም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአሠሪው ጋር ስለሚኖር የቤት ሠራተኛ ጥቂት አንቀጾች አሉት። አሠሪው ስለ መኝታዋ፣ ስለ ምግቧ፣ ስለ ሥራና ዕረፍት ሰዓቷ ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ፣ ስትታመምም እንዲያሳክማት ያዛል። ይሁን እንጂ ይህን ሕግ አንብባ አሠሪዋን ፍርድ ቤት የምታቆም የቤት ሠራተኛ ስንት ናት? ስለዚህ በተግባር የሠራተኛዋ ዕጣ የተንጠለጠለው በአሠሪዋ ኅሊና ላይ ነው። እንግዲህ አሠሪው ክርስቲያን ነኝ የሚል ከሆነ፣ ጉዳዩ የሕግ ብቻ ሳይሆን የእምነትም ነው።

«አገልጋይ» የሚለው ቃል ወዴት ሄደ?

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ «አገልጋይ» ሲባል ዛሬ ወደ አእምሮአችን የሚመጣው ማን ነው? ሰባኪው፣ ዘማሪው፣ ነቢይ የሚባለው፣ ማይክራፎን የያዘ ሁሉ ነው። «አገልግሎቱ ሰፋ» ስንል ብዙ ሰው ሰማው ማለታችን ነው። «አገልግሎት አቆመች» ስንል ከኳየር ወጣች ማለታችን ነው። ቃሉ ቀስ በቀስ ከፎጣና ከውኃ ተለይቶ ከመብራትና ከድምፅ ማጉያ ጋር ተጋብቷል። «አገልጋይ» የሚያገለግል መሆኑ ቀርቶ የሚገለገል፣ ቦርሳው የሚያዝለት፣ ወንበር የሚለቀቅለት ሰው መጠሪያ እስኪሆን ደርሷል።

በአዲስ ኪዳን በግሪክኛ «ዲያኮኒያ» የሚለው ቃል መነሻው ማዕድ ማቅረብና መላላክ ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ልብ ብለን ብናነብ፣ ለመበለቶች በየቀኑ ለሚታደለው ምግብና ሐዋርያት ለሚሰጡት የቃሉ ትምህርት የተጠቀሰው ቃል አንድ ነው (ሐዋ. 6፥1-4)። ሥራው ተከፋፈለ እንጂ አንዱ «መንፈሳዊ»፣ ሌላው «ሥጋዊ» ተብሎ አልተመደበም። እንዲያውም ለማዕዱ ሥራ የተመረጡት ሰባቱ ሰዎች በመንፈስ ቅዱስና በጥበብ የተሞሉ እንዲሆኑ ተፈልጎ ነበር። እንጀራ ለማደል መንፈስ ቅዱስ ያስፈልጋል ብላ ያመነች ቤተ ክርስቲያን ነበረች።

ጌታችንም ስለ ራሱ ሲናገር ሊያገለግል እንጂ ሊገለገል እንዳልመጣ ገልጿል (ማር. 10፥45)። ይህን በቃል ብቻ አልተወውም። በመጨረሻዋ ምሽት ልብሱን አኑሮ፣ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ፣ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ (ዮሐ. 13፥1-17)። የእኛ አገር ሰው ይህን ምዕራፍ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በገጠሩ ከመንገድ የመጣን እንግዳ እግር ማጠብ የታወቀ ደግነት ነው፤ ነገር ግን የሚያጥበው የቤቱ ጌታ አይደለም። ልጅ ወይም ሠራተኛ ነው። ጴጥሮስን ያስደነገጠውም ይኸው ነው፤ ጌታው የሠራተኛውን ቦታ ያዘ። ወንጌላዊው ዮሐንስ ደግሞ ኢየሱስ ይህን ያደረገው አብ ሁሉን በእጁ እንደ ሰጠው እያወቀ መሆኑን ይነግረናል። ሥልጣኑን ረስቶ ሳይሆን፣ ሥልጣኑ ለምን እንደ ሆነ አውቆ ነው የታጠቀው።

ስለ ቤይሩት አልቅሰናል

ይህ ጉዳይ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ (በኅዳር 2013 እ.ኤ.አ.) ሳዑዲ ዓረቢያ ሕጋዊ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ዜጎች ማስወጣት ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ያኔ ብዙዎቻችን ጾመናል፣ ጸልየናል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ (በ2020 እ.ኤ.አ. አጋማሽ) የሊባኖስ ኢኮኖሚ ወድቆ የኮሮና ወረርሽኝም በተጨመረበት ጊዜ፣ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን እህቶቻችንን በመኪና እያመጡ ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። ብዙዎቹ የወራት ደመወዝ አልተከፈላቸውም ነበር። ሻንጣቸውን አቅፈው አስፋልት ላይ ተኝተው ያየናቸውን እህቶች ሁላችንም እናስታውሳለን።

ከዚያ ክስተት ልንማረው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የሊባኖስ ገንዘብ ሲረክስ በመጀመሪያ የተቆረጠው የማን ደመወዝ ነበር? የቤት ሠራተኛዋ ነው። የሊባኖስ የሥራ ሕግም የቤት ሠራተኛን ከሽፋኑ ውጭ ያደርጋል፤ ስለዚህ የምትጮህበት ደጅ አልነበራትም። ገንዘብ በረከሰበትና ሕግ ባልደረሰበት ቤት ደካማው ሰው ምን እንደሚገጥመው በዚያ አይተናል። አሁን ብሩ በረከሰበት በእኛ ቤትስ?

«የእኛ ከዐረቦቹ ጋር አይወዳደርም፤ እኛ ፓስፖርት አንነጥቅም» ልንል እንችላለን። በእርግጥም «ካፋላ» የሚባለው ሠራተኛን ከአንድ አሠሪ ጋር የሚያስር ሥርዓት በእኛ አገር የለም። ነገር ግን መታወቂያዋን ወስዶ ማስቀመጥ፣ «እንዳትጠፋ» በሚል የሁለት ወር ደመወዝ መያዝ፣ ስልኳን መንጠቅ፣ ዕረፍት መከልከል፣ የተረፈ ምግብ መስጠት በእኛም ሰፈር የታወቀ ነው። በባሕር ማዶ በእህታችን ላይ ሲደረግ ግፍ ያልነው ነገር በእኛ ሳሎን ሲደረግ ስሙ ሊለወጥ አይችልም። በዐረብ አገሮች የሚሠሩ ምእመናን እህቶቻችን ይህን ጽሑፍ ቢያነቡ እኛ ከምናውቀው በላይ ያውቁታል።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ቤት ሠራተኛ

የእግዚአብሔር ቃል በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም አላለም። የሰንበት ትእዛዝ ዕረፍትን የሰጠው ለቤቱ ጌታ ብቻ ሳይሆን ለወንዱም ለሴቲቱም ሠራተኛ ነው (ዘጸ. 20፥10)። በዘዳግም ላይ ደግሞ ምክንያቱ ተጨምሯል፤ ሠራተኛህ እንደ አንተው እንዲያርፍ ነው፤ አንተም በግብፅ ባሪያ እንደ ነበርህ እንድታስብ ነው (ዘዳ. 5፥14-15)። የእኛ እሑድ ግን ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ነው። ከአምልኮ በኋላ እንግዳ ስለሚመጣ፣ እሑድ ለሠራተኛዋ ከሳምንቱ ሁሉ የከበደ የሥራ ቀን ትሆናለች። የእኛ ሰንበት በእርሷ ድካም ተገዝቷል ማለት ነው።

ደመወዝን በተመለከተ ሕጉ ድሀውን ሠራተኛ በዕለቱ፣ ፀሐይ ሳትገባ ክፈለው ይላል። ሰውዬው ድሀ ነው፣ ነፍሱም ያንን ትጠባበቃለችና፤ ወደ እግዚአብሔር ቢጮኽ ኃጢአት ይሆንብሃል (ዘዳ. 24፥14-15)። ያዕቆብም የተቀማው የሠራተኞች ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ፣ ጩኸቱም ወደ ሠራዊት ጌታ ጆሮ እንደ ገባ ጽፏል (ያዕ. 5፥4)። እኛ በጸሎት ጮኸን ሰማይ ዝም ሲለን፣ ከእኛው ቤት የወጣ ሌላ ጩኸት ቀድሞ ደርሶ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባናል።

ኢዮብ ጽድቁን ሲዘረዝር ከጠቀሳቸው ነገሮች አንዱ የወንድና የሴት ሠራተኞቹን አቤቱታ አለመናቁ ነው። ምክንያቱንም ይነግረናል፦ እርሱንና እነርሱን በማኅፀን የሠራቸው አንድ ፈጣሪ ነው (ኢዮ. 31፥13-15)። በምሳሌ 31 ላይ በሠርግ ቀን የምንሰብክላት ልባም ሴትም ገና ሌሊት ሳለ የምትነሣ እንጂ ሠራተኞቿን ቀስቅሳ የምትተኛ አይደለችም (ምሳ. 31፥15)። በንዕማን ቤት የነበረችው ታናሽ ብላቴናም አለች። ተማርካ በሰው አገር የምታገለግል ልጅ ነበረች፤ ስሟ እንኳ አልተጻፈልንም። ነገር ግን የሶርያ ሠራዊት አለቃ ወደ እግዚአብሔር የሚወስደውን መንገድ ያገኘው ከእርሷ አፍ ነው (2ነገ. 5፥1-4)። ለመሆኑ በእኛ ቤት ያለችው ልጅ ብትናገር የሚሰማት አለ?

ስለ ሠራተኞች መታዘዝ ስንሰብክ ቆላስይስ 3፥22-25ን እናነባለን። ምዕራፉ እዚያ ላይ ስለሚያልቅ ስብከቱም እዚያው ያልቃል። ነገር ግን የምዕራፍ ክፍፍል ከሐዋርያው ዘመን ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የተጨመረ ነው። ጳውሎስ ሳያቋርጥ የጻፈው ቀጣይ ዓረፍተ ነገር አሠሪዎች ለሠራተኞቻቸው ጽድቅንና እኩልነትን እንዲያደርጉ፣ እነርሱም በሰማይ ጌታ እንዳላቸው እንዲያውቁ የሚያዝዘው ነው (ቆላ. 4፥1)። ገጹን መግለጥ ይጠበቅብናል።

የቀደሙት የወንጌል አባቶች አካሄድ

ወንጌልን በአገራችን ያደረሱልን አባቶችና እናቶች አገልግሎትን በዚህ መልክ ለይተው አላዩትም። በ1929 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ምክንያት የኤስ.አይ.ኤም. ሚስዮናውያን ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች ወደ 48 የሚጠጉ ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለሱ ያገኟቸው ግን ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ነበሩ። በመካከሉ የነበረው ዘመን መሪዎች የታሰሩበት፣ የተገረፉበት፣ ጸሎት ቤቶች የፈረሱበት ዘመን ነው። ትልቅ ኮንፍራንስ የሚደረግበት ዘመን አልነበረም። ጎረቤት ያየው ለታሰረ ወንድም የሚሄደውን ምግብ፣ ለተቸገረ የሚካፈለውን እህል፣ እርስ በርስ የነበራቸውን ፍቅር ነው።

ሌላው ምስክር የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1964 ዓ.ም. (1972 እ.ኤ.አ.) ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የላከችው ደብዳቤ ነው። በወቅቱ የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። የደብዳቤው ቅሬታ የምዕራባውያን ለጋሾች ለልማት ገንዘብ እየሰጡ ለወንጌል ስርጭት ግን እጃቸውን ማጠራቸው ነበር። ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ የሚከፈል ፍጥረት አይደለም፤ የሙሉ ሰው አገልግሎት ያስፈልገዋል የሚል ነበር መልእክቱ። ቄስ ጉዲና በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በደርግ ዘመን ታፍነው ተገደሉ። ዛሬ ያንን ደብዳቤ ስናስብ ሚዛኑ ወደ ሌላው ጎን እንዳጋደለ እናያለን። ያኔ ቃሉ እንዳይረሳ ነበር የተጻፈው፤ አሁን ግን ቃሉ በየአዳራሹ እየተሰበከ ፎጣው ነው የተረሳው።

ቁጥራችንም ኃላፊነታችንን ያከብደዋል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንት ነን ያሉት ከአገሪቱ ሕዝብ ከ18 በመቶ በላይ ነበሩ። ጥቂቶች በነበርንበት ጊዜ፣ በአንዳንድ ቦታ ከእድር ስንገለል፣ መቃብር ስንከለከል፣ ግፍን የምናውቀው ከተቀባዩ ወገን ሆነን ነው። ዛሬ ግን ብዙዎቻችን ቀጣሪዎች፣ አከራዮችና ባለ ሥልጣኖች ሆነናል። በሌላ ሰው ሕይወት ላይ ኃይል ያለው ሰው ሃይማኖቱ የሚታወቀው ያንን ኃይል በሚጠቀምበት መንገድ ነው።

የሚነሡ ጥያቄዎች

አንደኛ፣ «እኛም ተቸግረናል» የሚለው ነው። ይህ እውነት ነው፤ ሊናቅም አይገባውም። ባልም ሚስትም ሠርተው ልጅ የሚይዝላቸው አጥተው፣ ከራሳቸው ላይ ቀንሰው ሠራተኛ የሚቀጥሩ መምህራንና ነርሶች በየጉባኤያችን አሉ። ለእነዚህ ወገኖች የምለው፣ የማትችሉትን ክፈሉ አይደለም። እውነቱን ተቀምጣችሁ ንገሯት ነው። ደመወዝ መጨመር ካልተቻለ የሥራ ሰዓት መቀነስ፣ ከአዳሪነት ወደ ተመላላሽነት መለወጥ፣ የማታ ትምህርት መፍቀድ ይቻላል። ድህነት ኃጢአት አይደለም፤ ድህነታችንን ከእኛ በባሰው ድሀ ትከሻ ላይ ዝም ብሎ መጫን ግን ኃጢአት ነው።

ሁለተኛ፣ «ሠራተኞቹም አስቸጋሪ ናቸው፤ በሳምንቱ ጥለው ይሄዳሉ፤ ዕቃ ይጠፋል» ይባላል። ይህም የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ጳውሎስም ለሠራተኞች በታማኝነት እንዲሠሩ ጽፏል። ስለዚህ ተያዥ መጠየቅም ሆነ ስምምነትን በጽሑፍ ማድረግ ተገቢ ነው። ነገር ግን አንዲት ሠራተኛ ያጠፋችው ጥፋት ከእርሷ በኋላ በመጣችው ላይ የሚወራረድ ሒሳብ መሆን የለበትም።

ሦስተኛ፣ «እኛ እንደ ልጃችን ነው የምናያት» የሚል ነው። ጥሩ ንግግር ነው፤ እንግዲያው እንመዝነው። ልጃችን ስትታመም ትተኛለች፤ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ የምትተኛበት ክፍል በር አለው፤ ስንበላ አብራ ትቀመጣለች። ይህ ከሌለ «እንደ ልጃችን» የሚለው ቃል ደመወዟን ለመቀነሻ ብቻ የምንጠቀምበት ይሆናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. ደመወዟን በጊዜው እንክፈል፣ በጊዜውም እንከልስ። የእኛ ደመወዝ ሲስተካከል የእርሷም አብሮ ይታይ። የሚከፈልበት ቀን የታወቀ ይሁን፤ በእጇ ወይም በራሷ የባንክ ደብተር ይግባ እንጂ «እኛ ጋ ይቀመጥልሽ» አይባል።

2. ዕረፍት እንስጣት። በሳምንት የታወቀ ቀን ወይም ግማሽ ቀን የእርሷ ይሁን። እሑድ እንግዳ ካለ ልጆቻችን ዕቃ ይጠቡ፤ አባወራውም ማስታጠቢያ ይያዝ። ልጆች አገልግሎትን የሚማሩት በሰንበት ትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን አባታቸው ሳህን ሲያነሣ በማየት ነው።

3. እምነቷን እናክብር። ኦርቶዶክስ ወይም ሙስሊም ከሆነች ጾሟንና በዓሏን እናክብርላት። በጾም ቀን የጾም ምግብ ታግኝ። እንጀራዋ በእጃችን ባለ ሰው ላይ የሚደረግ ግፊት ወንጌል አይባልም። ፈቅዳ ከጠየቀችን በደስታ እንመስክርላት። አማኝ ከሆነች ደግሞ የቤት ኅብረቱ ሲጀመር በማድ ቤት ቆማ ሻይ የምታፈላ ሳትሆን አብራን የምትቀመጥ ትሁን።

4. ደኅንነቷን እንጠብቅ። ከውስጥ የሚቆለፍ መኝታ ይኑራት። በቤታችን ወንዶች ወይም በእንግዶች ጥቃት ቢደርስባት ጉዳዩ «የቤተሰብ ስም» ተብሎ አይሸፈን። ጥቃት ወንጀል ነው፤ ቦታውም ፖሊስና ሐኪም ቤት ነው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው በይቅርታ ስም የሚዘጉት ፋይል አይደለም።

5. ትምህርቷን እንደግፍ። የማታ ትምህርት እንድትማር ሁለት ሰዓት መልቀቅ ከቤታችን ብዙ አያጎድልም፤ ለእርሷ ግን የሕይወት አቅጣጫ ነው። ሙሴ ባሪያውን ነፃ ስታወጣ ባዶ እጁን አትስደደው ያለውን እናስብ (ዘዳ. 15፥13-14)።

6. ቤተ ክርስቲያን ጉዳዩን ታንሣው። በደቀ መዝሙርነትና በጋብቻ ትምህርት ውስጥ ስለ ሠራተኛ አያያዝ ይነገር። ለቤት ሠራተኞች በሚመቻቸው ሰዓት፣ ለምሳሌ በእሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የኅብረትና የትምህርት ፕሮግራም ይኑር። ሽማግሌ ስንመርጥ ሰውዬው ቤቱን በመልካም የሚያስተዳድር እንዲሆን ቃሉ ይጠይቃል (1ጢሞ. 3፥4-5)። ስለ ሚስቱና ስለ ልጆቹ እንጠይቃለን፤ የቤቱን ሠራተኛ ግን የጠየቀ ማን ነው? ምናልባት ከሁሉ የተሻለችው ምስክር እርሷ ናት።

ይህ ሁሉ ለሠራተኛ ብቻ የሚባል አይደለም። ለጥበቃው፣ ለልብስ አጣቢዋ፣ ለዕቃ ተሸካሚው፣ በመሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ተሰልፎ «ነገ ተመለስ» ለሚባለው ባለ ጉዳይም ይሠራል። መስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ክርስቲያን ጠረጴዛው መሠዊያው ነው፤ የባለ ጉዳዩን ፋይል በጊዜውና ያለ ጉቦ ሲጨርስ እግዚአብሔርን እያገለገለ ነው። መነሻው ግን ቤታችን ነው። በቤቱ ያላገለገለ በአደባባይ የሚያገለግለው ለታይታ ይሆንበታልና።

በመጨረሻው ቀን ንጉሡ የሚጠይቀን ስንት መድረክ እንደ ቆምን አይደለም። ተርቦ አብልተነው፣ ታሞ ጠይቀነው፣ እንግዳ ሆኖ ተቀብለነው እንደ ሆነ ነው፤ ለታናናሾቹ ለአንዱ ያደረግነውንም ለራሱ እንደ ተደረገ ይቈጥረዋል (ማቴ. 25፥31-46)። በዚያ ክፍል ጻድቃንም ኃጥአንም መቼ እንዳዩት በመገረም ይጠይቃሉ። እርሱን ያገኙት ባልጠበቁት መልክ ነበርና። እኛም ጌታን በአዳራሹ ስንፈልገው፣ እርሱ ምናልባት በማድ ቤታችን በኩል እየመጣብን ይሆናል።

ጌታ የሚያይ ዓይንና የሚታጠቅ ወገብ ይስጠን። ጸጋው ይብዛላችሁ። አሜን።